ባለ ሁለት መቶዋ ሮዝ ቺባምቦ

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መጀመሪያ ይህችን ወረቀት ተቀባበሉልኝ። ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ ወደ ኋላ አሳልፏት፤ ስትጨርሱ ግን እንድትመለስልኝ፣ አደራ። (ሳቅ) ዋጋዋ ብዙ ሆኖ አይደለም። ባለ 200 ክዋቻ የማላዊ ገንዘብ ናት፤ አንድ ወዳጄ ከሊሎንግዌ ሲመለስ ይዞልኝ የመጣ። ፊቷ ላይ የምታዩዋት ሴት ሮዝ ሎማቲንዳ ቺባምቦ ትባላለች። ገልበጥ ስታደርጓት ደግሞ የአገሪቱን አዲሱን የምክር ቤት ሕንጻ ታያላችሁ። ሥዕሉን የመረጠው ሰው አስቦበት ይሁን ሳያስብ እኔ እንጃ፤ ለምን እንዲህ እንደምል ግን ቆይታችሁ ትረዱኛላችሁ። ሌላም ወረቀት ኪሴ ውስጥ አለ፤ እሱን ኋላ አወጣዋለሁ።

ስለ ማላዊ እኛ ብዙ አናወራም። ካወራንም በሐዘን ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ማላዊ፣ ምዚምባ በሚባል አውራጃ፣ ጫካ ውስጥ የጅምላ መቃብር መገኘቱን ታስታውሳላችሁ። መጀመሪያ 25 አስከሬን ወጣ፤ ቁጥሩ ከዚያም ጨመረ። ወደ ደቡብ አፍሪካ በማቅናት ላይ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም ተባለ። ሮዝ የተወለደችው በዚያው በምዚምባ ነው። ታሪኳን ከዚያ ሐዘን ጋር ላጣብቀው አልፈልግም፤ የቦታው ስም ግን ጆሯችሁ ውስጥ እንዳለ ስለማውቅ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አንድ ነገር ላስፈቅዳችሁ። ወጣትነቷን ስተርክ «እሷ» እላታለሁ፤ እኅታችን ናት። ዕድሜ ሲጨምር «እሳቸው» እላለሁ። የማላዊ የመጀመሪያው መሪ የነበሩትን ዶክተር ባንዳን ግን ከመጀመሪያውም አንቱ እላቸዋለሁ። አንቱታ ለዕድሜ ነው፤ ስለ ሥራቸው እናንተ ትፈርዳላችሁ።

በአባቷ ስም ሮዝ ዚባ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1928 ካፉኩሌ በምትባል መንደር ተወለደች፤ ከዚህ በኋላ የምጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው። አገሩ የንጎኒዎች አገር ነው። ንጎኒዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዙሉ ምድር ተነሥተው፣ ዛምቤዚን ተሻግረው ሰሜን ድረስ የዘለቁ ሕዝብ ናቸው። የስኮትላንድ ሚሲዮናውያን የሊቪንግስቶንያ ትምህርት ቤቶችም በዚያ አካባቢ ቀድመው ስለተተከሉ ሰሜኖቹ ፊደል በመቁጠር ይታወቁ ነበር። በ1947 የቄስ የሳያ ቺባምቦን ልጅ ኤድዊንን አገባች። ከሠርጉ በኋላም ትምህርቷን አላቆመችም፤ የመጀመሪያ ልጇን ነፍሰ ጡር ሆና በማታ ትማር ነበር። ስለ ልጅነቷ ከዚህ በላይ አልቆይም፤ ወደ ዞምባ ልሂድ።

ዞምባ ያኔ ኒያሳላንድ ትባል የነበረችው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ባሏ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ኑሯቸው እዚያ ነበር። ሰዉ በየቤቱ የሚያወራው ስለ ፌዴሬሽኑ ነው። እንግሊዝ ኒያሳላንድን ከሁለቱ ሮዴዥያዎች፣ ከዛሬዎቹ ዛምቢያና ዚምባብዌ፣ ጋር በአንድ ልትሰፍት ነበር፤ በ1953ም ሰፋችው። ይህ ማለት ኒያሳላንድ ውስጥ ከጥቂት ሺህ የማያልፉ ነጮች፣ ከሳልዝበሪ፣ ከዛሬዋ ሐራሬ፣ ሰፋሪዎች ጋር ተደምረው፣ ሚሊዮኖችን ሊያዝዙ ነው ማለት ነው። ገበሬው የነጩ ርስት ላይ በጉልበቱ ኪራይ የሚከፍልበት «ታንጋታ» የሚባል ሥርዓት ነበረና፣ የሮዴዥያ ሰፋሪ መጣ ሲባል መሬቴ ሄደ ብሎ ነው የሚሰማው። በዚያው ዓመት በደቡብ፣ ሻይ በሚበቅልበት በቾሎ፣ ረብሻ ተነሥቶ ሰው ሞቷል።

ሮዝ ያየችው ይህን ብቻ አይደለም። የሚሰበሰቡት፣ የሚከራከሩት፣ የሚፈርሙት ወንዶች ብቻ መሆናቸውን አየች። ስለዚህ ዞምባ ውስጥ ጓደኞቿን ማሰባሰብ ጀመረች፤ ቤተሰቡ ወደ ብላንታየር ሲዛወርም ሥራውን ይዛው ሄደች። በ1956 የኒያሳላንድ አፍሪካውያን ኮንግረስ መሪ ጄምስ ፍሬድሪክ ሳንጋላ ሕዝብ በማነሳሳት ተከሰሰ። ሮዝ ሴቶቹን ይዛ ለተቃውሞ ወጣች፤ ሴቶቹ ታሰሩ። ሳንጋላን አትርሱት፣ ተመልሶ ይመጣል።

ከዚያ የ1958 ሐምሌ ነው። ኮንግረሱን የሚመሩት ልጆች፣ ሄንሪ ቺፔምቤሬ፣ ካኛማ ቺውሜ፣ ዱንዱዙ ቺሲዛ፣ ሁሉም ገና ሠላሳ ያልሞላቸው ናቸው። በዚያ አገር ደግሞ፣ እንደ እኛው አገር፣ ጢም ያላወጣ ልጅ ንግግር ሽማግሌ አይሰማውም። ስለዚህ ትልቅ ሰው ፈለጉ፤ ሕዝቡ እንደ አዳኝ የሚያየው ሰው። አገኙም፤ ዶክተር ሄስቲንግስ ካሙዙ ባንዳ። በልጅነታቸው በእግራቸው ከአገር የወጡ፣ አሜሪካና ስኮትላንድ ሕክምና ተምረው ለንደን የሠሩ፣ ከ40 ዓመት በላይ አገራቸውን ያላዩ ሐኪም። ሐምሌ 6 ቀን ቺሌካ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርዱ የእናታቸውን ቋንቋ በአደባባይ መናገር አልቻሉም፤ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ ሌላ ሰው ያስተረጉማል። ሕዝቡ ግን ቅር አላለውም። እንዲያውም ወደደው፤ የነጩን ቋንቋ ከነጩ አሳምረው ይናገሩለት ነበራ!

ባንዳ ሹመት ሲያከፋፍሉ የሴቶቹን ሊግ ለሮዝ ሰጡ። ዕድሜዋ ሠላሳ ገደማ ነው። ሊጉ ምን ሠራ ካላችሁ፣ ሴቶችን መንደር ለመንደር አደራጀ። ጥሪያቸው አንድ ቃል ነበረች፦ «ክዋቻ!» ትርጉሙ «ነጋ!» ነው። አንዷ «ክዋቻ!» ስትል ሰዉ ይቀበላል። ነጻ ከወጡ በኋላ ገንዘባቸውን በዚህ ቃል ጠሩት፤ እኛ ሳንቲም የምንለውን ደግሞ «ታምባላ» አሉት፣ አውራ ዶሮ ማለት ነው። መቶ አውራ ዶሮ ሲጮህ አንድ ጊዜ ይነጋል። ገንዘባቸው ከእኛ ይልቅ ግጥም ያውቃል። (ሳቅ)

መጋቢት 3 ቀን 1959 ገና ሳይነጋ ገዥው ሮበርት አርሚቴጅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ባንዳን ከአልጋቸው አንሥተው ደቡብ ሮዴዥያ፣ ግዌሎ እስር ቤት ወረወሯቸው። የታሰረው ሰው ከ1,300 አለፈ። በሐይቁ ዳር፣ ንካታ ቤይ በምትባል ከተማ፣ ታሳሪዎቹ ይለቀቁ ብሎ የተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ወታደሮች ተኩሰው በዚያ አንድ ቀን 20 ሰው ገደሉ። በጠቅላላው የሞተው 51 ነው።

ሮዝን በመጀመሪያው ሌሊት አልወሰዷትም። መውለጃዋ ደርሶ ነበር። ወለደች፤ በወሩ መጨረሻ፣ ከነአራሷ መጡባት። አራስ ቤት ለእኛ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ገንፎው፣ ቅቤው፣ ጠያቂው፣ እናትየዋ ከደጅ እንዳትወጣ የሚደረገው ጥንቃቄ። ሮዝ አራስነቷን የጨረሰችው ዞምባ እስር ቤት ውስጥ ነው፤ ሕፃኑን ታቅፋ። አብራት የታሰረችው ቬራ ቺርዋ ናት፣ ኋላ የማላዊ የመጀመሪያዋ ሴት ጠበቃ የሆነችው። ይህንንም ስም ያዙልኝ።

እንግሊዞች ጉዳዩን እንዲያጣራ የላኩት ዳኛ ዴቭሊን በሐምሌ ባወጣው ዘገባ፣ ኒያሳላንድ ለጊዜውም ቢሆን የፖሊስ መንግሥት ሆናለች ብሎ ጻፈ። የለንደን መንግሥት በዚህች ሐረግ በጣም ተናደደ። ከዚያ በኋላ ያለውን በሩጫ ልለፈው፤ ባንዳ በሚያዝያ 1960 ተፈቱ፣ በ1961 ፓርቲያቸው የማላዊ ኮንግረስ ምርጫውን ጠራርጎ አሸነፈ፣ ፌዴሬሽኑ በ1963 መጨረሻ ፈረሰ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1964 ማላዊ ነጻ ወጣች። ሮዝ ከምዚምባ የምክር ቤት አባል ሆነች፤ በዚያ ምክር ቤት ከእሷ በፊት የገባች ሴት የለችም። «የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር» እየተባለም ይጻፍላታል። ትክክለኛ ሹመቷ የፓርላማ ጸሐፊነት ነው፤ እኛ ሚኒስትር ዴኤታ ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ማዕረጉን ዝቅ ያደረግሁባት እንዳይመስላችሁ። የእሷ ትልቅነት ከወንበሩ ጋር ብዙም አይገናኝም ብዬ ስለማምን ነው።

አሁን ሁለተኛዋን ወረቀት ላውጣት። ባለ 1000 ክዋቻ ናት፤ ፊቷ ላይ ያሉት ዶክተር ባንዳ ናቸው።

ነጻነቱ ሐምሌ 6 ነው ብያለሁ። ሚኒስትሮቹና ጠቅላይ ሚኒስትሩ የተጣሉት ስንት ጊዜ ቆይተው ይመስላችኋል? ሁለት ወር! ሐምሌ 26 ቀን ባንዳ ካይሮ ከነበረው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ሲመለሱ፣ እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሚኒስትሮቼን ዓይናችሁን ጣሉባቸው የሚል ንግግር አደረጉ። ሚኒስትሮቹ አጠገባቸው ቆመው ይሰማሉ።

ጠቡ ምን ነበር? ባንዳ ከፖርቱጋል ጋር፣ ከነጮቹ ደቡብ አፍሪካ ጋር ወዳጅነት ፈለጉ፤ ወጣቶቹ ጎረቤታችን ሞዛምቢክ በፖርቱጋል ቀንበር ሥር ሆና እንዴት ይሆናል አሉ። የነጭ ሹማምንት ወንበር ለአፍሪካውያን የሚለቀቀው ቀስ ብሎ ነው አሉ። የመንግሥት ሠራተኛው ደሞዝና ጥቅም ተቀነሰ አሉ። እነዚህን የታሪክ መጻሕፍት በሰፊው ይተነትኗቸዋል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነው፤ ባንዳ በመንግሥት ሆስፒታል በተመላላሽ ለሚታከም ሰው ሦስት ፔኒ አስከፈሉ። ሰዉ «ቲኪ» ይላታል፣ ያችን ትንሽ ሳንቲም። ሐኪም የነበረ መሪ፣ ነጻ በወጣ አገር፣ በቅኝ ገዥ ዘመን ያልነበረ የሕክምና ክፍያ ሲጥል አስቡት። ልጇ ያተኮሰባት እናት ናት ቲኪዋን የምትከፍለው። ያች እናት ደግሞ የሊጉ አባል ናት፤ ነጻነት ሲመጣ ሁሉ ይሻሻላል ብላ በዝናብ የሄደች፣ «ክዋቻ!» ብላ የጮኸች። «ነጋ ስትሉን ይህ ነው እንዴ?» ብትል ማንን ነው የምትጠይቀው? ሮዝን አይደለም?

መስከረም 7 ቀን 1964 ባንዳ ሦስት ሚኒስትሮችን አባረሩ፤ ኦርተን ቺርዋን፣ ካኛማ ቺውሜን፣ አውጉስቲን ብዋናውሲን። አራተኛዋ ሮዝ ቺባምቦ ነበረች። ሌሎች ከእነሱ ጋር ወግነው ለቀቁ፤ ካናዳ የነበረው ቺፔምቤሬ ደርሶ እሱም ለቀቀ። ቀኑን ልብ በሉልኝ። ልደቷ መስከረም 8 ነው ብያችኋለሁ። 36 ዓመት በሞላት ዕለት ምክር ቤቱ ዞምባ ላይ ተሰበሰበ፤ አጀንዳው ለባንዳ የመተማመኛ ድምፅ መስጠት ነው። ድምፁ ተሰጠ። ማንም አልተቃወመም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ምክንያቱም እነዚህን ሰዎች ንጹሕ ሰማዕታት አድርጎ መተረክ ቀላል ነው። እውነቱ ግን፣ የሚያነቃቸውን ገመድ የፈተሉት ራሳቸው ናቸው። ባንዳን ከውጭ አገር የጠሩት እነሱ፣ አዳኝ ነው ብለው ለሕዝቡ የሸጡት እነሱ፣ «ንግዋዚ» እያሉ የጀግና ስም ሲያወጡላቸው ያጨበጨቡት እነሱ። የፓርቲው አራት ማዕዘኖች አንድነት፣ ታማኝነት፣ ታዛዥነትና ሥነ ሥርዓት ሲባሉ፣ ከአራቱ ሦስቱ ዝም በል ማለት እንደሆኑ ያኔ አልታያቸውም። ሮዝም ከእነሱ አንዷ ናት። ያ ሁሉ የሴት ሠራዊት ባንዳን እንዲወድ ያስተማረችው እሷ ናት። እኔ የማከብራት፣ ይህን ሁሉ የሠራች ሰው፣ ያን ያህል የለፋችበትን፣ ጨቅላ ልጇን ይዛ የታሰረችለትን ወገን፣ በሁለት ወሩ «አይሆንም» ማለት ስለቻለች ነው። ጠላትን እምቢ ማለት ሌላ ነገር ነው። የራስን ሰዎች፣ ያውም በድሉ ሰሞን፣ እልልታው ሳይበርድ... (ዝምታ) ስንቶቻችን እንችላለን?

ከዚያ በኋላ የባንዳ ወጣት ዘማቾች ሚኒስትሮቹን በየከተማው ማሳደድ ጀመሩ። ቺፔምቤሬ በ1965 መጀመሪያ አምፆ ሳይሳካለት ቀረ፤ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ሞተ። ከለቀቁት ሚኒስትሮች አንዱ የነበረው ያቱታ ቺሲዛ በ1967 መሣሪያ ይዞ ሲገባ ተገደለ። ሮዝና ባሏ ወደ ዛምቢያ ተሰደዱ። ኤድዊን እዚያው በስደት አረፈ። ሠላሳ ዓመት! በፖለቲካ የቆየችው አሥር ዓመት ግድም ነው፤ የተቀጣችው ሦስት እጥፉን።

እሷ ዛምቢያ ተቀምጣ ሳለ፣ ያቋቋመችው ሊግ ምን ሆነ? በእኔ ግምት ከስደቱ ይልቅ የሚያምመው ይህ ነው። በማዕከላዊና በደቡብ ማላዊ ዘር የሚቆጠረው በእናት ነው፤ እኅትማማቾቹና ልጆቻቸው «ምቡምባ» ይባላሉ፣ ጉዳያቸውን የሚይዝላቸው የእናት ወንድም፣ አጎት፣ «ንኮስዌ» ይባላል። ባንዳ ይህን ቤተሰባዊ ወግ ወስደው አገር አከሉት፤ የማላዊ ሴቶች በሙሉ የእኔ ምቡምባ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ንኮስዌ ቁጥር አንድ ነኝ አሉ። ሴቶቹ የባንዳ ፊት የታተመበት ቺቴንጄ ያሸርጣሉ፣ ሽርጥ በሉት፤ ባንዳ በሄዱበት ሁሉ፣ አውሮፕላን ማረፊያውም ሆነ ስታዲየሙ፣ እየተጠሩ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ። በ1956 ለመሪያቸው ሊጮኹ ወጥተው የታሰሩት ሴቶች ድርጅት የጭፈራ ቡድን ሆነ። ሴት ምን መልበስ እንዳለባት እንኳ ሕግ ነበረ፤ በ1973 የወጣው የአለባበስ ሕግ ሴት ሱሪ እንዳትለብስ፣ ቀሚሷም ከጉልበት በላይ እንዳይሆን ከልክሏል። ያ ሕግ ሃያ ዓመት ቆየ።

በነገራችን ላይ «ባንዳ ለሴቶች ክብር ሰጥተዋል» የሚሉ አሉ፤ በየአደባባዩ ፊት ያስቀምጧቸው ነበር ይላሉ። እውነት ነው፣ ፊት አስቀምጠዋቸዋል። ተራቸው ደርሶ እንዲናገሩ ግን አልነበረም።

ለምን ቀደም ብላ አልተመለሰችም የሚል ካለ፣ ቬራ ቺርዋን አስታውሱ። ቬራና ባሏ ኦርተን እነሱም በስደት ነበሩ። በ1981 የፈረንጆች ገና ዋዜማ ዛምቢያ ድንበር አካባቢ ታፍነው ማላዊ ገቡ። በ1983 ሞት ተፈረደባቸው፤ ዓለም ስለጮኸ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረ። ኦርተን በ1992 ዞምባ እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። ቬራ የተፈቱት በ1993 መጀመሪያ ነው። ዞምባ እስር ቤት፣ ያው በ1959 ሁለቱን ሴቶች እንግሊዞች ያሰሩበት ከተማ። አሳሪው ተለወጠ እንጂ አድራሻው አልተለወጠም።

በመጋቢት 1992 የካቶሊክ ጳጳሳት በየቤተ ክርስቲያኑ የተነበበ ደብዳቤ ጻፉ፤ ፍርሃቱ የዚያን ጊዜ ተሰነጠቀ። በሰኔ 1993 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ሕዝቡ የመድብለ ፓርቲ ሥርዓትን መረጠ፤ በግንቦት 1994 ባንዳ በምርጫ ተሸነፉ። በዚያው ዓመት ሮዝ ተመለሱ።

አሁን አንቱ ልበላቸው። የሄደችው የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ነበረች፤ የተመለሱት ስድሳ አምስት የሞላቸው እናት ናቸው። ወደ ሰሜኑ፣ ወደ ምዙዙ ከተማ ሄደው ኖሩ። አገሩ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው ሁሉ ስማቸውን ትምህርት ቤት አልተማረውም፤ ቢሰማም ከሃዲዎች ከሚባሉት ጋር ነው።

በ2012 ማላዊ አዲስ የገንዘብ ኖቶች አወጣች። ከ20 እስከ 1000 ስድስት ዓይነት ናቸው። በ100ው ላይ ማን አለ መሰላችሁ? ሳንጋላ! በ1956 ሮዝ ሴቶቹን ይዘው የወጡለት። በ200ው ሮዝ። በ500ው በ1915 በእንግሊዝ ላይ የተነሣው ቄስ ጆን ቺሌምብዌ። በ1000ው ባንዳ። ከስድስቱ ሴት እሳቸው ብቻ ናቸው። በሕይወት የነበሩትም እሳቸው ብቻ፤ 83 ዓመታቸው ነበር። ገበያ ወርደው በገዛ ፊታቸው ሽንኩርት ሊገዙ ይችላሉ ማለት ነው። መልስ ሲሰጧቸው ደግሞ ያባረሯቸው ሰውዬ ምናልባት ከዚያው ከነጋዴዋ መሐረብ ውስጥ ተጣጥፈው ያዩአቸዋል።

በዚያው ዓመት ክዋቻው ወርዶ አንድ ዶላር ከ168 ወደ 250 ክዋቻ ወጥቶ ነበርና፣ የሮዝ ወረቀት በዚያ ምንዛሪ የምታወጣው ሰማንያ የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ሮዝ ጥር 12 ቀን 2016 በ87 ዓመታቸው አረፉ። ክዋቻው ግን መውረዱን አላቆመም፤ ዛሬ በባንክ ዋጋ 200ው አሥራ ሁለት ሳንቲም እንኳ በቅጡ አይሞላም። አምስት ባለ 200 ሲደመር አንድ ባንዳ ይሆናል፤ ይህ ሂሳብ ብቻ አልተለወጠም።

እሺ፣ ወረቀቷ የት ደረሰች? አንቺ ጋ ናት? አንድ ጊዜ ከፍ አድርጊያት፣ ኋላ ያሉት ይዩዋት። አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው ካለ እጁን ያውጣ።